በምስጋና ፋይል ውስጥ የገባ አቤቱታ

ለሥራ ቦታ ደኅንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እስከ ዛሬ ሰላማዊ ሆነን ስላስቸገርንዎት ይቅርታ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎና ለልጆችዎ የተትረፈረፈ ጤና እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሳምንት ንግግር ሲያደርጉ አላናግር ብሎ ያስቸገረዎት ሳል ለቀቅ እንዳደረገዎት፣ አዲሱ ወንበርዎም ወገብዎን እንዳልጎዳዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ አንድ ቀን እንኳ ጤናችንን ላልጠየቁን ለክቡርነትዎ ምስጋና ይግባና፣ ከሞተችው በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

እኔን በስም አያውቁኝም፤ በመልክ ግን ሳያውቁኝ አይቀሩም። ከጽሕፈት ቤትዎ ዋና መግቢያ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን በአሮጌ ዣንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ስጽፍ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ቅጂ በካርቦን ወረቀት ስለማስቀር የሠፈሩ ሰው ጋሼ ካርቦን ይለኛል፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ቅጂ ያስቀራል እያሉ ያሾፉብኛል፣ እኔም ስቄ አልፋለሁ። ክቡርነትዎ በእነዚህ ዓመታት የተቀበሏቸው አቤቱታዎች አብዛኞቹ የእኔ እጅ ጽሑፍ ናቸው፤ ስለዚህ ምንም እንኳ ተጨባብጠን ባናውቅ፣ ሳንተዋወቅ የኖርን የሥራ ባልደረቦች ነን ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በመዝገብ ቤት በኩል ማቅረብ ሲገባኝ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ በሚያነብበት ቦታ መለጠፌ ንቀት አድሮብኝ አይደለም። በአንድ በኩል አባሪው ከብዶ ፖስታ ውስጥ አልገባ ስላለኝ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከዚህ በፊት በመዝገብ ቤት በኩል ያቀረብኩት ማመልከቻ የት ገብቶ እንደ ቀረ ስለማውቅ ነው። እስቲ ከዚያው ልጀምርና ቅሬታችንን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ተራ ቁጥር የሌለው ነገር በቢሮዎ እንደማይነበብ ለሌላው ሁሉ የምመክረው እኔው ነኝና።

፩ኛ. ስለ መጀመሪያው ማመልከቻ

ታናሽ እኅቴ ከዚህ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው የሸሚዝ ፋብሪካ፣ በመተኮሻው ክፍል ውስጥ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ሸሚዝ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። ክፍሉ ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ ስፌቱ አዳራሽ ይወስዳል፤ የእንፋሎቱ ቧንቧ የሚያልፈውም በዚያ በኩል ነው። ሌላው ወደ ጓሮ የሚያወጣ የብረት በር ሲሆን ከውጭ በኩል የቡጢ ያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት፣ ሥራ ሲገባ ይቆለፋል፣ ሥራ ሲወጣ ይከፈታል። የሚቆለፍበትም ምክንያት ሴቶቹ በሙቀቱ ሲዝሉ ወደ ጓሮ ብቅ ብለው ሁለት ደቂቃ ነፋስ ስለሚቀበሉ፣ ሁለት ደቂቃም በፋብሪካው አቆጣጠር አንድ ሸሚዝ ተኩል ስለ ሆነ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ እኅቴ ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ፣ ወንድምዓለም፣ ይህ ጓጉንቸር አንድ ቀን ይፈጀናል፣ እስቲ አንድ ነገር ጻፍልን አለችኝ። እኔም ለእኅቴ ነውና የሙያዬን ጫፍ አሳየሁ። የወረቀቱን የፊት ገጽ በሙሉ ስለ ጤናዎ፣ ስለ ቅን አገልግሎትዎ፣ ስለ ግቢዎ አበባና ስለ ሠራተኞችዎ ትሕትና ሞላሁት፤ ጓጉንቸሩን በጀርባው ገጽ ላይ፣ «ምናልባት ባያስቸግርዎት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ቀጥሎ አስገባሁት። እኅቴ አንብባ ስታበቃ፣ ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይኼ የሠርግ ጥሪ ነው ወይስ የበር ነገር ብላ ሳቀችብኝ። ዝም በይ፣ ለስላሳ ምላስ አጥንት ይሰብራል አልኳት። እውነትም ሰበረ፤ የማንን አጥንት እንደሚሰብር ግን ተረቱ አይናገርም።

የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ ትጉህ ሴት ናት፣ አላማትም። የፊቱን ገጽ አንብባ «የምስጋና ደብዳቤዎች» ከሚለው አረንጓዴ ፋይል ውስጥ በክብር አስቀመጠችው። በዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ ላይም ክቡርነትዎ ከፋይሉ መርጠው፣ ሕዝቡ በአገልግሎታችን ምን ያህል እንደረካ ከዚህ ይረዱልኝ ብለው፣ ያንኑ ገጽ በድምፅ ማጉያ አነበቡት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ለመውቀስ የተነሣሁ ይመስላል፣ ግን አይደለም። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ያ የእኔ ዐረፍተ ነገር፣ ያ ሰባት ጊዜ የታጠፈ ረጅም ዐረፍተ ነገር፣ በእንደዚያ ያለ ወፍራም ድምፅ ሲነበብ ስሰማ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ወረቀቱን ሳይገለብጡ ወደ ፋይሉ መለሱት። ተነሥቼ፣ ክቡር ሆይ፣ ይገልብጡት፣ ነገሩ ከጀርባው ነው ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ እንዴት ተነሥቼ ነገር አበላሻለሁ ብዬ፣ አብሬ አጨበጨብኩ። ይህ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ሁሉ ክቡርነትዎ ሲያነብቡ፣ ከተከሳሾቹ አንዱ ደብዳቤውን የጻፈው መሆኑን እንዳይዘነጉብኝ።

፪ኛ. ስለ ዐሥራ አንዱ ደቂቃ

ከስብሰባው በኋላ በአምስተኛው ወር፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ቧንቧው ከአዳራሹ በር ራስጌ ፈነዳ። በክፍሉ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ። እንፋሎቱ በአንዱ በር በኩል ሲመጣባቸው ሁሉም ወደ ብረቱ በር ሮጡ፤ የብረቱ በር እንደ ልማዱ በጨዋ ደንብ ተቆልፎ ጠበቃቸው። ከውጭ የነበሩት ቁልፍ ፍለጋ ተሯሯጡ፤ ዘበኛው ቁልፉ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው አለ፣ ግምጃ ቤቱ አስተዳደር ጋ ነው አለ፣ አስተዳደሩ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው አለ፣ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ስብሰባ ደግሞ አይቋረጥም። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በራሱ መቁረጫ ጓጉንቸሩን ቆርጦ ጣለው። ከመጀመሪያው ጩኸት እስከዚያ ድረስ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖ ነበር።

እኅቴ ከበሩ አጠገብ ስለነበረች የጋለውን ብረት በሁለት መዳፎቿ ስትገፋ ቆየች። አጠገቧ የነበረችው ባልንጀራዋ፣ ክፍሉን ሁሉ በሳቅ ትገድለው ስለነበር ሣቂታዋ ይሏት የነበረችው፣ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። ዛሬ እኅቴ ብርጭቆ በሁለት እጇ ነው የምትይዘው፤ ጸጉሯን የምታበጥርላት ልጇ ናት። የሣቂታዋ እናት አሁንም በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ጋ ትመጣለች፤ የምታጽፈኝ ነገር የላትም፣ ትንሽ ተቀምጣ ትሄዳለች።

፫ኛ. ስለ ምርመራው

ለዚህ ክፍል ልዩ ምስጋና ማቅረብ ይገባኛል፤ ምክንያቱም ክቡርነትዎ አንድ ሳይሆን ሰባት ሰው ያለበት አጣሪ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ኮሚቴውም ዐሥራ አራት ወር ሙሉ ሳይታክት ሠርቶ፣ እንፋሎት ትኩስ መሆኑን፣ ቧንቧው አሮጌ መሆኑን፣ ሴቶቹም በጊዜው ተደናግጠው እንደነበር በማያሻማ ሁኔታ አረጋግጧል። ያላረጋገጠው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ በሪፖርቱ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ «በሩን ማን እንዳስቆለፈው፣ ጓጉንቸሩ የማን እንደሆነና ቁልፉ በማን እጅ እንደነበረ ለማወቅ አልተቻለም» ይላል። የፋብሪካው ሰዎች ሁሉ ተጠይቀው እኔ አላውቅም ስላሉ፣ ባለቤት የሌለው ጓጉንቸር በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ተቆልፏል ማለት ነው። ኮሚቴው በመጨረሻ ሠራተኞቹ በአደጋ ጊዜ እንዴት መረጋጋት እንዳለባቸው ሥልጠና ይሰጣቸው ሲል ይመክራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል ነበር፤ ኮሚቴዎ ግን ጅቡ ሳይሄድም፣ ከሄደም በኋላ ሳይጮህ በጨዋነት ጨርሷል።

፬ኛ. ስለ ማክሰኞዎቹ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ምስክር ወረቀቱ

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ሴቶቹ መጥተው ምን እናድርግ አሉኝ። እኔም፣ ያን ሁሉ ጥፋት ከሠራሁ በኋላ፣ አሁንም የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ በሰላም ነው እንጂ በሌላ አይሆንም አልኳቸው። በየሳምንቱ ማክሰኞ የሥራ ተራቸው ያልሆኑት አርባ ያህል ሴቶች፣ ልብሳቸውን እንደ ሙያቸው ተኩሰው ለብሰው፣ ከአጥርዎ ሥር በመስመር ይቀመጡ ጀመር። አልጮኹም፣ መንገድ አልዘጉም፣ ሲነሡም የተቀመጡበትን ጠርገው ነው የሚሄዱት። አንዲት ወረቀት ብቻ ይይዛሉ፤ ጓጉንቸሩ የማን ነው የሚል። ጥበቃዎቹ እንኳ ከመልመዳቸው የተነሣ ማክሰኞ ማክሰኞ የአጥሩን ሥር መጥረግ ትተው ነበር።

በዚያው ሰሞን የታክሲ ነጂዎቹ መቆሚያችን ተወሰደብን ብለው መጡና፣ በአንድ ጠዋት የፊት ለፊት መስኮትዎን ሦስቱን መስታወት አረገፉት። ክቡርነትዎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ራስዎ ወርደው፣ የታሸገ ውሃ አስመጥተው፣ ወኪሎቻቸውን ወደ ላይ አስወጥተው አነጋገሯቸው፤ እስከ ዓርብ መቆሚያቸው ተመለሰ። ሴቶቻችን ይህን ሁሉ ከአጥሩ ሥር ሆነው አዩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከመካከላቸው አንዷ፣ በጣም ዝምተኛ የሆነችው፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ጥሩ ድንጋይ አንሥታ መስኮቱን ትለካ ጀመር። እኅቴ ተነሥታ በእነዚያ እጆቿ ድንጋዩን ተቀበለቻትና፣ ስጪኝ፣ የዚህ ሰውዬ ጠረጴዛ ትወላገዳለች ብላ መንገዱን ተሻግራ ከአጭሩ እግር ሥር አስገባችው። ጠረጴዛዬ ከዚያ ወዲህ አትነቃነቅም። ያ ድንጋይ ያልደረሰብዎ በእኔ ምክር አይደለም፤ ከማንም ይልቅ ለመወርወር መብት ያላት ሴት ስላልወረወረችው ነው።

እንግዲህ ይህ በሆነ በወሩ ነው የምስክር ወረቀቱ የመጣው። «አቤቱታን በሰላማዊ መንገድ በማቅረብ አርአያ ለሆኑ» ተብሎ፣ በወርቃማ ጠርዝ፣ በክቡርነትዎ ፊርማ፣ ከነፍሬሙ። በሽልማቱ ዕለት ባደረጉት ንግግር ሰላም ከሁሉ እንደሚበልጥ፣ የእኛም ትዕግሥት ለሌሎች ትምህርት እንደሚሆን ሲያስረዱ ሳልዎ ስላቋረጠዎ፣ ስለ ጓጉንቸሩ ሊናገሩ ያሰቡት ሳይሰማ ቀረ። ተራችን ደርሶ ሽልማቱን እንድትቀበል እኅቴ ስትጠራ፣ ፍሬሙን መያዝ ስላልቻለች የእርስዎ ጸሐፊ ያዘችላት፤ ፎቶውም እንዲሁ ተነሣ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ስለ ሰላምና ስለ ፍትሕ መጽሐፍ የጻፉትን አላነበብኩም። ነገር ግን ከእናቴ የሰማሁት አንድ ተረት አለ፤ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይላል። እኛ ሰላም የጠበቅነው ፍርድ ይመጣል ብለን ነው። በር ላይ ተቀምጦ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ነበርን፤ እርስዎ ግን መቀመጣችንን ብቻ አይተው እነዚህ ሰዎች መቀመጥ ይወዳሉ ብለው ደመደሙ። እጃችንን ያልሰነዘርነው እጅ ስለሌለን አልነበረም፤ መዳፎቿ የተቃጠሉባት እኅቴ እንኳ እጆቿን ድንጋይ ለመቀበል ተጠቅማባቸዋለች። ሰላማዊነታችንን እኛ ነን የከፈልንበት፤ እርስዎ ግን በራስዎ ጓሮ እንደበቀለ አበባ ለጎብኚ ያሳዩታል። ከዚያም አልፎ ማንም ተበዳይ ወደ ቢሮዎ ሲመጣ እነዚያን ሴቶች አታይም እንዴ፣ እንደነሱ አትሆንም ወይ እየተባለ እንደሚመለስ ሰምቻለሁ። በእኛ ዝምታ የሌላውን አፍ መዝጋትዎ ከሁሉ ይልቅ አንገብግቦናል።

ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ጫማ ጠጋኙ ጎረቤቴ፣ ጋሼ ካርቦን፣ አየህ አይደል፣ መስታወት ነው የሚሰማው፣ አንተ ሴቶቹን በወረቀት ታጃጅላለህ ይለኛል። ምን ልበለው? ተሳስተሃል እንዳልለው መስኮትዎ አዲስ መስታወት ገብቶለት ያብረቀርቃል። ልክ ነህ እንዳልለው ደግሞ፣ ያ ድንጋይ ቢወረወር ኖሮ የሚያገኘው እርስዎን ሳይሆን ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠውን ያችኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በየቀኑ ካርቦኔን አስተካክላለሁ፣ እሱም ጫማውን ይመታል።

፭ኛ. ይህን ቁጥር መዝለል ፈልጌ ነበር

እኅቴ መሥራት ስላቃታት ፋብሪካው በቸርነቱ ቦታዋን ለልጇ ሰጣት። የእኅቴ ልጅ፣ እናቷን የምታበጥረው ያችው፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በዚያው ክፍል፣ በእናቷ ጠረጴዛ ላይ፣ በእናቷ ካውያ ትተኩሳለች። በመጀመሪያው ቀን ስትመለስ እናቷ የጠየቀቻት ስለ ብረቱ በር ብቻ ነው፣ እሷም አንገቷን አቀረቀረች። ቧንቧው ተጠግኗል፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፣ የብረቱም በር በአዲስ ጓጉንቸር ተቆልፏል፤ ይኼኛው ከበፊተኛው ይበልጣል፣ ሾፌሩ በመቁረጫው ሊቆርጠው አይችልም።

ይህን ለክቡርነትዎ በጽሑፍ አምስት ጊዜ አመለከትን። ቅጂዎቹ ከእኔ ጋር አሉ። አምስቱም ጊዜ የተሰጠን መልስ፣ የጓጉንቸሩ ባለቤት ባለመታወቁ ክፈት ተብሎ ትእዛዝ የሚጻፍለት አካል አልተገኘም የሚል ነው። እኅቴ ጠዋት ጠዋት ልጇን ትሸኛለች፤ ከዚያ እስኪመሽ ድረስ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። አንድ ማታ ማመልከቻ ልጻፍልሽ ስላት፣ አይ ወንድሜ፣ አንተ እስክትመርቃቸው ልጄ ትቀቀላለች አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስጽፍ እንደዚህ ያለ የሰላ ዐረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ስለ አባሪው

እንግዲህ ትናንት በምሳ ሰዓት ሴቶቹ ተመካክረው የሠሩትን ላስረዳዎ። ከመካከላቸው የስፌት መኪና የምትጠግነው ሴት ካቻቪቷን ይዛ መጥታ፣ የብረቱን በር በማጠፊያው በኩል ስምንቱን ብሎን አንድ በአንድ ፈታች። ከወጡ በኋላም ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበትን ቀለበት ከመቃኑ ላይ ፈትተው፣ በሩን ከነጓጉንቸሩ አወረዱት። ምንም አልተሰበረም፣ ምንም አልተቧጨረም። ብሎኖቹ በመሐረብ ተቋጥረው ከመያዣው ላይ ታስረዋል፤ ቢቆጥሯቸው ስምንት ናቸው። ዘጠኝ ሆነው ተሸክመው፣ በእግረኛ መንገድ፣ መብራት ሲይዛቸው እየቆሙ፣ ለሽማግሌ እያሳለፉ አምጥተው ከአጥርዎ ጋር አስደገፉት። ይህ ደብዳቤ የተለጠፈው በዚያ በር ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሲገቡ ምን ብረት ነው ብለው ጥበቃውን የተቆጡበት እሱ ነው።

ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ልንሰብረው አልፈለግንም፤ ባለቤት የሌለው ዕቃ መስበር እንኳ ለእኛ ነውር ነው። በመተኮሻው ክፍል ጓሮው ወለል ብሎ ይታያል፤ የእኅቴ ልጅ ዛሬ ጠዋት ሁለት ደቂቃ ወጥታ ነፋስ ተቀብላ ተመልሳለች ብለው ነገሩኝ። እኅቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ወንጀል ከሆነ ሴቶቹ አልሸሹም፤ ከበሩ አጠገብ በመስመር ተቀምጠዋል፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው።

የምስክር ወረቀቱንም ከነፍሬሙ መልሰናል። ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ቅር እንዳይልዎት፣ ቀጥ ብሎ መሰቀሉን እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና ሥልጣንዎን ያብዛልዎት እያልኩ፣ የቢሮዎም በር ሁልጊዜ ከውስጥ የሚከፈት እንዲሆንልዎት ከልብ በመመኘት፣ ለሃያ ስድስት ዓመት ከደጅዎ ያልተለየሁ፣ ምስጋና በመጻፍ ያጠፋሁ፣ ያጨበጨብኩትን ጭብጨባ ለመመለስ ብፈልግም መመለሻ ያጣሁ፣

ትሑት ጎረቤትዎ
ጋሼ ካርቦን፣ ማመልከቻ ጸሐፊ

አባሪ፦ አንድ የብረት በር ከነጓጉንቸሩ፤ ስምንት ብሎን በመሐረብ፤ አንድ የምስክር ወረቀት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጥፌ ሙጫው ሳይደርቅ፣ ከረባት ያሰረ አንድ ሰው ላቡን እየጠረገ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። የፋብሪካው የአስተዳደር ኃላፊ ነው፤ አንድም ማክሰኞ ብቅ ብሎ ስለማያውቅ ማን እንደሆንኩ አላወቀኝም፣ በሩ ላይ የለጠፍኩትንም ቸኩሎ አላነበበውም። በራችን ተሰርቆ ከአጥራችሁ ሥር ቆሟል ብሎ ሊከስ ቢገባ፣ መዝገብ ቤትዎ በጽሑፍ ካልሆነ አልቀበልም ስላለው፣ ቶሎ በል ጻፍልኝ አለኝ። ባለጉዳይ ባለጉዳይ ነውና ወረቀቱን ከነካርቦኑ አዘጋጅቼ፣ የንብረት ስሞታ ደንቡ የሚጠይቀውን ሁሉ ጠየቅሁት፤ ንብረቱ የማን እንደሆነ፣ ሲወሰድ በምን ሁኔታ እንደነበረ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ። እሱም እየተቆጣ መለሰልኝ፤ በሩም ጓጉንቸሩም የድርጅቱ ነው፣ በሥራ ሰዓት ከውጭ እንዲቆለፍ ያዘዙት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሾፌሩ የቆረጠውም የእሳቸው ነበር፣ ቁልፉ ያኔም ሆነ እስከ ዛሬ ጠዋት ከእሳቸው ኪስ ወጥቶ አያውቅም፣ ካላመንክ ለማስረጃ የላኩት ይኸው ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። ያለውን ቃል በቃል ጻፍኩለት፤ አነበብኩለት፤ ፈረመ፤ ማኅተሙንም ከቦርሳው አውጥቶ እዚያው መታበት። ጠረጴዛዋ ያ ድንጋይ ከሥሯ ስላለ ንቅንቅ አላለችም። ሰባት ሰው በዐሥራ አራት ወር ያላገኘውን ሰውየው በሃያ ደቂቃ በገዛ እጁ ስላቀረበልዎት እንኳን ደስ አለዎት። ዋናው አሁን ከክቡርነትዎ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል፤ ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ሥር ተለጥፏል፣ የሣቂታዋ እናትም ቆማ ለመንገደኛው እያስነበበችው ነው። ስለ ፋይሉ አይጨነቁ፤ በሃያ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም የምስጋና ቃል ሳላስገባ የጻፍኩት ማመልከቻ ነው።